አባቴ የዘሩት ሣር

በሜሪላንድ ሣር የሚዘራው መስከረም ሲጠባ ነው። የነሐሴ ቃጠሎ በረድ ሲል፣ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ አፈሩ ግን ገና ሙቀቱን እንደያዘ ዘሩ ቶሎ ይበቅላል፤ ውርጭ እስኪመጣም ሥር የሚሰድበት ሁለት ወር ያህል ያገኛል። በሚያዝያ የዘራ ሰው ግን ቡቃያው ሳይጠነክር የሐምሌ ሐሩር ይደርስበታል፤ ክራብግራስ የሚሉት አረምም አብሮት በቅሎ ይውጠዋል። በ2010 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ሰሞን አባቴና እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ራቁቱን የቀረ ግቢ ላይ ከዘር ከረጢት ጋር የቆምነው ለዚህ ነበር።

አባቴ የመጡት በሰኔ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ክረምቱን ብቻቸውን እንዳይከርሙ ለምነን ነው ያመጣናቸው። ቢቸና አካባቢ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሞፈርና ቀንበር ያልነኩበት ክረምት አልነበረም። ሐምሌ ማለት ለእሳቸው ዋልካው ረጥቦ፣ በሬው ተጠምዶ፣ የጤፍ ዘር ከጎታ የሚወጣበት ወር ነው። እኛ ቤት ሐምሌ ሲገባ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዝናብ ሲጥል በረንዳው ላይ ወጥተው እጃቸውን ዘርግተው ይቀበሉታል፤ ከዚያ ተመልሰው ይገባሉ። መሬቱን ለእህቴ ልጅ በእኩል ሰጥተው እንደመጡ እያወቁ፣ «ጨርሶ ዘርቶት ይሆን?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። መልሱ ከእኔ እንደማይገኝ እኔም እሳቸውም እናውቃለን።

በዚያው ክረምት የቤታችን የፍሳሽ ቧንቧ ፈንድቶ ግቢው ከአጥር እስከ መንገድ ተቆፈረ። ቧንቧውን የቀየሩት ሰዎች ከሥር ያወጡትን ቀይ ሸክላ ከነጠጠሩ ከላይ ደልድለውት ሄዱ። ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ዝግጁ ሣር ላስነጥፍ ዋጋ በማጠያየቅ ላይ ሳለሁ አባቴ ወደ ግቢው ወረዱ። አንድ ጓል አነሱ፤ ሊፈረክሱት ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። «ጮማውን ከታች ቀብረው አጥንቱን ነው ያስረከቡህ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ዘሩ የት ነው የሚሸጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ከመጡ ጀምሮ ስለዚህ አገር ነገር ሲጠይቁኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ዝግጁውን ሣር ተውኩት።

አፈሩን ለምርመራ ላክን። አሲዳማ ነው፣ ኖራ ያስፈልገዋል የሚል ውጤት መጣ። ለአባቴ ይኼ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የአፈር አሲድ እህሉን ሲያቀጭጭ፣ የግብርና ባለሙያዎች ገበሬውን ኖራ በትን ሲሉት ሰምተዋል። ኖራውን በተንን፤ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ተጨመረበት፤ በኪራይ በመጣ መቆፈሪያ ሞተር አገላበጥነው። የሞተሩ ድምፅ አልተመቻቸውም፤ ሥራውን ግን አልናቁትም፤ «ሁለት ጊዜ ድገመው» አሉ። ጤፍ አራትና አምስት ጊዜ ታርሶ ነው የሚዘራው።

ማዳበሪያው ላይ ብዙ ቆየን። ከረጢቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈዋል፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሽየም። ስነግራቸው፣ «ዳፕና ዩሪያ ነዋ!» አሉ። በዘር ጊዜ ፎስፈረስ ያለበትን ለሥር፣ ቡቃያው ከፍ ሲል ናይትሮጅኑን ለቅጠል፤ ሥርዓቱ ያው እሳቸው የሚያውቁት ነው። ሜሪላንድ ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችውና ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ለበቀለ የግቢ ሣር ፎስፈረስ መጨመር የሚፈቀደው የአፈር ምርመራ ሲያዝ ብቻ ነው። አዲስ ዘር ለሚዘራ ሰው ክልከላው አይሠራም። ምክንያቱ ቼሳፒክ የተባለው ትልቅ የባሕር ሰላጤ ነው። ከየግቢው በዝናብ ታጥቦ የሚሄደው ማዳበሪያ እዚያ ሲደርስ አልጌውን ያፋፋዋል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርስና ዓሣው ይታፈናል። አባቴ ይኼን ሲሰሙ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። አንድ ከረጢት ዳፕ ለማግኘት ከገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ሌሊት ተሰልፈው ያውቃሉ። «እኛ አጥተነው፣ እናንተ ተርፏችሁ በሕግ ከለከላችሁት» አሉ በመጨረሻ። ቅሬታም ፍርድም አልነበረበትም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። እኔ ግን እስካሁን ማዳበሪያ በገዛሁ ቁጥር ያ ንግግር ይሰማኛል።

ዘሩ ቅይጥ ነበር። አብዛኛው ቶል ፌስኪዩ የሚባለው ሣር ነው፤ ኬንተኪ ብሉግራስና ራይግራስ ጥቂት ጥቂት ገብተውበታል። አባቴ መዳፋቸው ላይ ዘርገፍ አድርገው በጣታቸው በተኑት። «ይኼማ ገብስ ነው!» አሉ የፌስኪዩውን ትልቅነት አይተው። እውነታቸውን ነው። አንድ ግራም ፌስኪዩ 500 ያህል ፍሬ ሲኖረው፣ አንድ ግራም ጤፍ ከ2,500 በላይ አለው። ከዚያ ከፍሬዎቹ መካከል አንዱን ለይተው ወደ ብርሃን አነሱትና ፊታቸው ተለወጠ። «ይኼኛው እንክርዳድ ነው» አሉ።

አይደለም ልላቸው ነበር። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ ግን ራይግራስና የእኛ እንክርዳድ በሳይንስ ስማቸው ሎሊየም የተባለ የአንድ ወገን ልጆች መሆናቸውን አየሁ። አባቴ ዘመዳሞቹን ያወቁት በዓይን ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከስንዴያቸው ሲነቅሉት የኖሩትን፣ በወንጌሉም ጠላት በሌሊት የዘራው ተብሎ የሚነበበውን ነገር በገዛ እጃቸው ሊበትኑ ነው። ራይግራሱ በሳምንት ውስጥ በቅሎ አፈሩን እንደሚይዝ፣ ብሉግራሱ ግን ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ስለዚህ ፈጣኑ ለዘገምተኛው ጥላና ድጋፍ እንደሚሆነው አስረዳኋቸው። አሰቡበት። «ከሆነስ ይሁን፤ ግን አይብዛ» አሉ።

ፌስኪዩው ከየት እንደመጣም ጠየቁኝ። ይኼን ታሪክ በደንብ ስለማውቀው ደስ እያለኝ ነገርኳቸው። መነሻው አውሮፓ ነው። በ1931 እ.ኤ.አ. የኬንተኪ ዩኒቨርሲቲው ኢ. ኤን. ፈርገስ ሜኒፊ በምትባል አውራጃ፣ በአንድ ገበሬ ቁልቁለት መሬት ላይ፣ ድርቅና ብርድ ያልበገረው አረንጓዴ ሣር እንዳለ ሰምቶ ሊያይ ሄደ፤ ዘሩን ይዞ ተመለሰ። ሲሞከር ቆይቶ በ1943 ኬንተኪ 31 ተብሎ ለሕዝብ ተሰጠ፤ ዛሬ በዚህ አካባቢ የሚዘሩት የፌስኪዩ ዓይነቶች ከዚያ ወዲህ እየተሻሻሉ የመጡ ናቸው። አባቴን ደስ ያሰኛቸው አንድ ነገር ነው፤ የተማረው ሰው ዘሩን ከገበሬው ማሳ መውሰዱ። ለጎረቤታችን ሳይቀር፣ በእኔ አስተርጓሚነት፣ ይኼንኑ ይነግሩት ነበር።

ያ ጎረቤት ደግ ሰው ነው፤ ዘር የሚበትን ባለጎማ ጋሪውን እየገፋ አመጣልን። አባቴ ጎንበስ ብለው አመሰገኑትና ጋሪውን ግድግዳው ሥር አቆሙት። ልጆቼን ጠሩ። ጫማቸውን አስወልቀው፣ በለሰለሰው አፈር ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎን ለጎን ሆነው እንዲረግጡት አዘዙ። ልጆቹ እየተሳሳቁ ረገጡት። ቢቸና ላይ ይኼን የሚሠሩት ከብቶች ናቸው፤ ጤፍ ከመዘራቱ በፊት ማሳው ካልተረገጠ ያ ደቃቅ ዘር በጓሉ ስንጥቅ ይገባና ሰምጦ ይቀራል። እዚህም አገር ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ይኼንኑ ነው፤ በውሃ የሚሞላ ከባድ በርሜል እያንከባለሉ አፈሩን ይጠቀጥቁታል፤ ዘሩ አፈር ካልነካው አይበቅልምና።

ከዚያ አባቴ ዘሩን በሳፋ አድርገው በግራ ክንዳቸው አቀፉ። በእግራቸው ጫፍ መሬቱን እየጫሩ በመስመር ከፋፈሉት። ነፋሱን ለማወቅ ትንሽ ገለባ ለቀቁ፤ ፊታቸውን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዞሩ። ቀኝ እጃቸው ወደ ሳፋው ገባ፤ ወጣ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ተዘረጋ። ዘሩ ከመዳፋቸው ሳይሆን ከሌባ ጣታቸው ጎን ነው የሚለቀቀው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ጭብጥ፤ እግርና እጅ አንድ ላይ። በዚያ ዕድሜያቸው ወገባቸው ሲቀና አየሁ። እኔ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ የተላክሁት ገና ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወዲህ። አባቴ ሲያርሱ አይቻለሁ፤ ሲዘሩ ግን በቅርብ ቆሜ ያየሁት ሜሪላንድ ውስጥ ነው።

መስመሩን ሲጨርሱ ቁጢጥ ብለው አውራ ጣታቸውን መሬቱ ላይ ያሳርፋሉ፤ በጣቱ ዙሪያ ያሉትን ፍሬዎች በዓይናቸው ይቆጥራሉ፤ የሳሳበትን ይደግሙታል። ግማሹን ዘር እንዲህ ከዘሩ በኋላ ቀሪውን ከመንገዱ ወደ ቤቱ በመስቀለኛ አቅጣጫ ዘሩት። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ልክ በካሬ ሜትር 35 ግራም አካባቢ ነው። ያን ቀን ሚዛን አላወጣንም። ዘሩ የመጨረሻው መስመር ጫፍ ላይ አለቀ።

ከላይ የስንዴ ገለባ አለበስነው፤ አፈሩ ግማሹ እየታየ፣ ስስ አድርገን። ገለባ በገንዘብ መገዛቱ ለአባቴ እንግዳ ነገር ነበር፤ እስሩን ሲፈቱት ግን አንስተው አሸተቱትና ፊታቸውን አዞሩ። እኔም ምንም አላልኩም። የዘራነው ፌስኪዩ ነበር፤ መጀመሪያ የበቀለው ግን በገለባው ውስጥ የቀረ የስንዴ ፍሬ ነው። እዚህና እዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አይነካ» አሉ። አልተነካም።

ማጠጣቱን ሙሉ በሙሉ እሳቸው ያዙት። ያልበቀለ የሣር ዘር ጎርፍ ከመጣበት ተንሳፍፎ አንድ ቦታ ይከማቻል፤ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ከደረቀ ደግሞ ይሞታል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያሉ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ማርጠብ ነው። በራሱ የሚዞረውን መርጫ ገዝቼላቸው ነበር። እሳቸው ግን የጎማውን አፍ በአውራ ጣታቸው ከፍለው፣ ካፊያ እያደረጉ፣ እየተራመዱ ያጠጣሉ። ጧት እኔ ለሥራ ስወጣ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ማታ ስመለስም ግቢ ውስጥ ናቸው። መስኮቱ አጠገብ የነበረው ወንበር ባዶውን ዋለ። በስልክ ለእህቴ የሚያወሩት ወሬም ተለወጠ። ስለ ናፍቆት ሳይሆን ስለ ውሃው ግፊት፣ ስለ ወፎቹ፣ በጥላው ሥር ስላለው ቦታ መዘግየት ነበር።

አንድ ጧት በመስኮት አንኳኩተው ጠሩኝ። ቆሜ ሳይ ምንም የለም፤ ያው ቀይ አፈርና ገለባ። «ዝቅ በል» አሉኝ። ጎናቸው ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ ዝቅታ፣ ፀሐይዋ ከወዲያ በኩል ስትመጣ፣ መሬቱ በሙሉ በአረንጓዴ ጭረት ተሸፍኖ ነበር። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ጫፉ ላይ የዘሩን ሽፋን እንደተሸከመ የወጣም አለ፤ ሥሩ አጠገብ ቀላ ይላል። ራይግራሱ ነበር፤ ያ ዘመዱን ያወቁት። ፌስኪዩው ጥቂት ቀናት ቆይቶ ተከተለ፤ ብሉግራሱ ሲመጣ ቅጠሎች መርገፍ ጀምረው ነበር።

የዛፍ ቅጠል ለአዲስ ሣር ክፉ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የወደቀው ቅጠል ሲረጥብ ተጣብቆ ብርሃን ይከለክላል፤ ሥሩ ያልጠነከረን ቡቃያ በብረት ጥርስ መቧጠጥ ደግሞ መንቀል ነው። አባቴ በለስላሳ መጥረጊያ፣ አንዳንዴም በእጃቸው እየለቀሙ አነሱት።

ሣሩ አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የመጀመሪያውን አጨዳ አጨድነው። ቢላው መሳል አለበት፤ የዶለዶመ ከሆነ ቡቃያውን ከነሥሩ ይመዘዋል። ከቁመቱም ከሦስት እጅ አንዱ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ማሽኑን እኔ ገፋሁ፤ አባቴ ከኋላ ከኋላ እየመጡ የታጨደውን በእጃቸው እየዛቁ ያዩታል። የሚያዩት መኖ ነው። «ታዲያ ይኼን ማን ይበላዋል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የሳተላይት ጥናት በአሜሪካ የግቢና የመናፈሻ ሣር ወደ 164,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት እንደሚሸፍን ገምቷል። የኢትዮጵያ ገበሬ በየዓመቱ በጤፍ የሚሸፍነው 3 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነው፤ 30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከጤፉ ማሳ ሁሉ አምስት እጥፍ የሚበልጥ መሬት በሬ በማይበላው ሣር ተይዟል። ይኼ ያሳስበኛል፤ በተለይ በደረቁ የምዕራብ ግዛቶች የመጠጥ ውሃ ለዚህ ሲፈስ። ነገር ግን ሣር ሁሉ ከንቱ ነው ከሚሉትም ጋር አልስማማም። ያ ቀይ ሸክላ ባዶውን ቢከርም ኖሮ በየዝናቡ እየታጠበ ወደ ሰላጤው ይወርድ ነበር። ደግሞም አባቴን ከወንበሩ ያስነሳቸው ሌላ ነገር አልነበረም።

ጥያቄያቸውን ራሳቸው መለሱት። አንድ እቅፍ ያህል ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትሰናዳ ነበር፤ ለጉዝጓዝ የምናነጥፋት የፕላስቲክ ሣር ነበረችን፣ እዚህ አገር ብዙ ሰው ቤት እንዳለችው። አባቴ እሷን ጠቅልለው ወደ ጎን አደረጉና የራሳቸውን ሣር ረከቦቱ ሥር ጎዘጎዙት። ለጉዝጓዝ አጭር ነበር፤ ሽታው ግን ሳሎኑን ሞላው። ከዚያ ወዲህ የፕላስቲኳ ሣር ከጓዳ ወጥታ አታውቅም። ለበዓል የሚሆን ረዘም ያለ ሣርም እንዲኖር፣ ከኋላ አጥሩ ሥር ማሽን የማይገባበት ጥግ ተዉ።

ብርዱ ሲጠና፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ፌስኪዩው አረንጓዴነቱን እንደያዘ በእግረኛው መንገድ ዳር ዳር ገለባ የመሰሉ ጥፍጥፎች ታዩ። አባቴ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡና አንዱን ሥር በጣታቸው ጎለጎሉ። «ሰርዶ!» አሉ። ሰርዶ ነበር፤ ያው ራሱ፣ አህያዋ እኔ ከሞትኩ አይብቀል ያለችው። ብርድ ሲነካው ቅጠሉ ይደርቃል እንጂ ሥሩ አይሞትም፤ ከላይም ከታችም እየተሳበ ይሄዳል። አባቴ ጊዜውን አላባከኑም። አረንጓዴ ሆኖ ከሌላው ጋር ሳይመሳሰል፣ ገለባ በመሰለበት ሁሉ ችካል ተከሉ። የምንኖርበት ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ አብዛኛውን የታወቀ የአረም መድኃኒት ለግቢ ማስዋቢያ መርጨትን ከልክሏል፤ ስለዚህ ነቀላው በእጅ ነው። ለእሳቸው አረም ማለት ድሮም በእጅ ነው። በመጋቢት ችካሎቹን እየተከተልን ቆፈርን።

በግንቦት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዝናቡ ሳይቀድማቸው ማሳቸው ላይ መድረስ ፈለጉ፤ ማንም ሊያስቀራቸው አልሞከረም። ሣሩ ያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ፣ ጎረቤቱም ቆሞ የሚያየው ሆኖ ነበር። ፌስኪዩ ግን በያለበት ይከመራል እንጂ እንደ ሰርዶ ተስቦ ክፍቱን አይሞላም፤ የሐምሌ ሐሩር አንዳንድ ቦታ ገደለው። በቀጣዩ መስከረም ክፍተቶቹን ለመሙላት ሳፋውን በግራ ክንዴ ይዤ ወጣሁ። ልጆቼ ሳይጠሩ ጫማቸውን አወለቁ።

አባቴ ስልክ ሲደውሉ ከጤና በፊት የሚጠይቁት ሰርዶውን ነው።

«ተመለሰ ወይ?»

«ተመልሷል፣ አባዬ፤ በእግረኛው መንገድ በኩል።»

«በደረቅ እንዳትነቅለው፤ ይበጠስና ሥሩ ይቀርልሃል። ዝናብ ሲጥል ጠብቀህ፣ ከሥር ይዘህ፣ ቀስ ብለህ ሳበው።»

በዚያው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ከሥራ ስመለስ ልብሴን ለውጬ ወጣሁና እንዳሉኝ ሳብኩት፤ ከክንድ የሚረዝም ሥር ከእርጥቡ አፈር ሳይበጠስ ወጣ። ከሲሚንቶው ሥር የገባው ግን አልሆነልኝም። ይኼንኑ ደውዬ ነገርኳቸው።

«እሱን ተወው» አሉኝ፤ «ወደ ሣሩ ሲሻገር ብቻ ያዘው።»